ማስጠንቀቂያውን ማጥፋት ወይስ ስህተቱን ማረም?

ይህን ጽሑፍ በአንድሮይድ ስልክ እያነበባችሁ ከሆነ፣ ስልካችሁን ከሥር የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ ከርነል ነው። ፎቶዎቻችሁና ሰነዶቻችሁ የት እንደተቀመጡ፣ የማን እንደሆኑ የሚመዘግበው የከርነሉ ክፍል ደግሞ ፋይል ሲስተም ይባላል። ዛሬ የማነሳው እዚያ ውስጥ የሚሠራና ብዙ ሰው የሚንቀው አንድ ሥራ ነው፤ የኮሜንት ማስጠንቀቂያ ማረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከርነሉ ኮድ ውስጥ ከብዙ ፋንክሽኖች በላይ ለሰው የተጻፈ ማብራሪያ አለ። ፋንክሽኑ ምን እንደሚሠራ፣ የሚቀበላቸው ፓራሜትሮች ምን ምን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚመልስ ይናገራል። ኮዱ ሲቀየር ግን ማብራሪያው ተረስቶ ይቀራል። ያኔ ከርነል-ዶክ የተባለው መሣሪያ «ይህ ፓራሜትር አልተገለጸም፤ ይህ የተገለጸው ደግሞ የለም» እያለ ያስጠነቅቃል። ፕሮግራሙ ሥራውን ስለማያቆም ብዙዎች «ኮሜንት ነው፤ ምን ይጎዳል?» ብለው ያልፉታል።

እኔ አልስማማም። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የከርነሉ 5.12 ስሪት፣ ፋይል የሚፈጥሩና የሚሰርዙ ፋንክሽኖች አዲስ ፓራሜትር ተጨመረላቸው። አንድ ፋይል ሲስተም ከማሽኑ ጋር ሲገናኝ፣ ማለትም ማውንት ሲደረግ፣ የፋይሎቹ ባለቤትነት በዚያ ማውንት በኩል እንዴት እንደሚታይ የሚናገር ፓራሜትር ነው። ችግሩ፣ ፋይል ሲስተሙ ራሱም ተመሳሳይ መረጃ ነበረው። ሁለቱ በዓይነት አንድ ስለነበሩ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ኮምፓይለሩ ትንፍሽ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2023 በ6.3 ስሪት እነዚህ ፋንክሽኖች ለማውንቱ የተለየ ዓይነት መቀበል ጀመሩና ኮምፓይለሩ መለየት ቻለ። እስከዚያ ድረስ የትኛው የት እንደሚገባ ፕሮግራመሩን የሚመሩት የፓራሜትሩ ስምና ያ የተናቀ ኮሜንት ነበሩ። «ፋይሉ የማን ነው?» የሚለው ደግሞ የደኅንነት ጥያቄ ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። ማስጠንቀቂያ ሲበዛ ጆሮ ይለምደዋል። በመቶዎች በሚቆጠሩ አሮጌ ማስጠንቀቂያዎች መካከል ዛሬ የመጣውን አዲስ ስህተት የሚያይ የለም።

ይህን ሥራ የሚነቅፉ ሰዎች ግን እውነት ያላቸው በአንድ ነጥብ ነው። ስሙን በኮዱ ታሪክ ውስጥ ለማስገባት ብቻ ብሎ ባዶ ማብራሪያ የሚለጥፍ ሰው አይጠፋም። «አይኖድ፦ አይኖዱ» ብሎ ይጽፋል። መሣሪያው የፓራሜትሩ ስም መኖሩን እንጂ የተጻፈው እውነት መሆኑን አይመረምርም፤ ስለዚህ ዝም ይላል። ይህ ካልታረመው ይብሳል። ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ ምልክቱ ብቻ ጠፋ።

በሐቅ የሚያርም ሰው መጀመሪያ ፋንክሽኑን ያነባል፤ ማን እንደሚጠራው ይከታተላል፤ ለምን እንደተቀየረ ታሪኩን ያያል። አንዳንዴ ትክክለኛው እርማት አንዲት ኮከብ መሰረዝ ብቻ ሆኖ ይገኛል። በሁለት ኮከብ የተከፈተ ኮሜንት እንደ ይፋዊ ማብራሪያ ስለሚቆጠር፣ ተራ ማስታወሻ ከሆነ በአንድ ኮከብ መከፈት ይበቃዋል። ይህንን ለማወቅም ማንበብ ያስፈልጋል።

በእኛ አገር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ከተጀመረ ወዲህ ሰርተፍኬታቸውን የሚለጥፉ ወጣቶችን በየገጹ እናያለን። ጥሩ ጅምር ነው። ከሰርተፍኬቱ ቀጥሎ ምን እንሥራ ለሚሉ መልሴ ይህ ነው፤ የሊኑክስ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ምረጡ፤ ፋንክሽኑን እስክትረዱት አንብቡ፤ ከዚያ ብቻ ጻፉ። እርማታችሁ ሁለት መስመር ቢሆን አትፈሩ። ያልገባችሁን ነገር የገባችሁ አስመስላችሁ መጻፍን ግን ፍሩ፤ ነገ ያንን መስመር አምኖ የሚሠራ ሰው አለ።