መሸኛ

በአያቶቻችን ቤት መሸኘት ማለት እንግዳን እስከ ደጅ፣ ሲቻልም እስከ ወንዙ ማዶ ተከትሎ፣ መርቆ መለየት ነበር። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለ መንገደኛ መታወቂያ ሳይጠየቅ ያድራል፤ ሲነጋም ስንቅ ተቋጥሮለት ይሸኛል። ዛሬ በአዲስ አበባ «መሸኛ» የወረቀት ስም ሆኗል። ከለቀቁት ወረዳ ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ከገቡበት ወረዳ ካልደረሰ በገዛ ከተማዎ ነዋሪ የማያሰኝዎ ወረቀት!

ኪራይ ቢጨምርብኝ ከገርጂ ወደ አያት ቤት ቀየርሁ። የቀየርሁት ሰፈር እንጂ አገር አይደለም፤ ሁለት ታክሲ ይበቃል። አዲሱ ወረዳ «መሸኛ አምጣ» አለኝ። አሮጌው ወረዳ «ፋይልህ አልተገኘም፣ ነገ ተመለስ» አለኝ። በነገታው ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሲስተም አልነበረም። ፋይሉ ሲገኝ የእኔንና የባለቤቴን መታወቂያ ተቀብለው ወረቀቱን ሰጡን። ወረቀቱን ይዘን ስንቀርብ አዲሱ ወረዳ «የቤቱ ባለቤት ካርታ ይዘው በአካል ይምጡ» አለ። የወረዳዎቹን ቁጥር አልጠቅስም፤ ደዌው የአንድ ቢሮ አይደለምና።

አከራያችን ደግ ሴት ናቸው፤ የበዓል ቡና ያለ እኛ አይጠጡም። ወረዳ ሲባል ግን ፊታቸው ይለወጣል። «ልጄ፣ ዛሬ ፈርሜልህ ነገ ቤቱ የእኔ ነው ብትለኝስ?» አሉኝ። አልፈረድሁባቸውም። ትርፍ ቤት ሲወረስ ያየ ትውልድ ፊርማን ቢፈራ አይገርምም። እንዲህ አንዱ ሸኝቶን ሌላው ሳይቀበለን፣ የየትም ሰው ያልሆንን ቤተሰብ ሆነን ከረምን።

በዚህ መካከል ልጃችን ተወለደች። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። መዝጋቢው ግን «የወላጆች የወረዳው መታወቂያ የታለ?» አለ። እኛስ ከገርጂ ተሸኝተናል እንበል፤ እርሷ ከየት መሸኛ ታምጣ? ከማኅፀን?

አንባቢ ሆይ፣ ቁጣዬ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመኖር ነጻነት እንዳለው ይደነግጋል። ነጻነት ከሆነ ነዋሪነት ይመዘገባል እንጂ አይፈቀድም። መዝገብ የሆነውን ይጽፋል፤ ፈቃድ ግን የሚሆነውን ይወስናል። ወረዳዎቻችን የመዝጋቢ ወንበር ተሰጥቷቸው የፈቃጅ ዱላ ጨበጡ። ልማዱ አዲስ አይደለም። ቀበሌ የተተከለው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 በተወረሱበት በ1967 ዓ.ም. ነው፤ ማን ከማን ቤት እንዳደረ መጠየቅም ሥራው ሆኖ ቆየ። ቀበሌው ወረዳ ተባለ፤ ጥያቄው ግን አልተለወጠም።

በሰልፉ ላይ ሳለሁ የሻሸመኔዎቹ ራስ ተፈሪያውያን ትዝ አሉኝ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ላይ ለመኖር ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች ባሕር ተሻግረው መጡ። ወለዱ፤ አረጁ፤ ወዳጆቻቸውን ቀበሩ። ብዙዎቹም ያለ መኖሪያ ፈቃድ አሥርት ዓመታት አሳለፉ። መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያስታወቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። ካርዱ የሻሸመኔ ሰዎች አላደረጋቸውም፤ ቀድሞውንም ነበሩ። መንግሥት ዘግይቶ ያመነው ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን እውነት ነው።

«ሐሰተኛ መታወቂያ በዝቷል፣ ከተማው ሞልቷል» የሚል መልስ ይኖራል። ስጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሐሰተኛው መታወቂያ የሚሸጠው እውነተኛው በር ስለጠበበ አይደለምን? ደላላው ከወረዳው አጥር ሥር የሚቆመው ውስጥ ያለው ሰልፍ ስለሚያበላው ነው። ደግሞስ መንግሥት የማያውቀው ምን ቀረ? በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ መሠረት ለፋይዳ ጣቴንና የዓይኔን ብሌን ሰጥቻለሁ፤ ማንነቴ ታውቋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ አዟል፤ የት እንደምኖር የሚናገር ሰነድ ማለት ነው። እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ከአያት ገርጂ ወረቀት ተሸክሞ የሚመላለሰው ስለምን ባለጉዳዩ ይሆናል?

ልጃችን በተወለደች በ81ኛው ቀን አከራያችን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ካርታቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። «ለሕፃኗ ስል ነው» ብለው ፈረሙ። እንግዲህ የከተማዬ ነዋሪ ያደረገኝ የአንዲት ባልቴት ርኅራኄ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን እርሳቸው እምቢ ቢሉስ ኖሮ? በሰው ደግነት ላይ የቆመ መብት ምጽዋት ነው፤ እኔም ለልጄ ያን ዕለት የለመንሁት ምጽዋት ነበር።