አሮጌው እህል በአዲሱ ወፍጮ



ባለፈው ሳምንት ትምህርት ካለቀ በኋላ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ እዚህ ወረታ ከማስተምርበት ክፍል ደጃፍ ቆሞ ጠበቀኝና፥ «ቲቸር፥ ይህን ጨዋታ ታላቅ ወንድሜ ነው የተወልኝ፤ በአዲሱ ኮምፒውተር ግን አልከፈት አለ። ተበላሽቶ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። ጨዋታው «ዱም» የሚባለው ነበር። ዕድሜው ከተማሪው ቀርቶ ከእኔም ይበልጣል። «አልተበላሸም፤ አገሩ ነው የተለወጠበት» አልሁት። ነገሩ ለእናንተም የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየኝ ዛሬ ላጫውታችሁ።

«ዱም» ተጫዋቹ በባለታሪኩ ዓይን እያየ፥ በጠባብ መተላለፊያ እየሮጠ ጭራቆችን የሚተኩስበት ጨዋታ ነው። ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ታኅሣሥ 1 ቀን 1986 ዓ.ም. ሲሆን፥ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር 1993 መሆኑ ነው። «ዶስ» በሚባለው የዚያን ጊዜ ሥርዓት ላይ ይሠራ ነበር፤ 4 ሜጋባይት የማስታወሻ ቦታ ይበቃዋል። ሥዕሉም ወደ ጎን 320፥ ወደ ታች 200 ነጥቦች ብቻ ነበሩት።

ታዲያ ዛሬ ለምን እምቢ አለ? በዶስ ዘመን ጨዋታው ያለ አማላጅ ከመሣሪያው ጋራ ይነጋገር ነበር። ሥዕሉን በቀጥታ በማሳያው ማኅደር ላይ ይጽፋል፤ የድምፁንም መሣሪያ ራሱ ያዛል። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ቀድሞ ባለጉዳዩ በሩን ከፍቶ ከሹሙ ጠረጴዛ ፊት ይቆም ነበር እንበል፤ ዛሬ ግን ማመልከቻውን በመዝገብ ቤት በኩል እንዲያስገባ ታዝዟል። አሮጌው ጨዋታ የመዝገብ ቤቱን በር አያውቅምና ከደጅ ይቀራል። በዛሬው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስማ የዶስ ፕሮግራም በራሱ አይነሣም። እርግጥ «ዶስቦክስ» የሚባል፥ አሮጌውን ኮምፒውተር በአዲሱ ውስጥ አስመስሎ የሚያቆም ፕሮግራም አለ። የሚበልጠው መንገድ ግን ጨዋታውን ራሱን ወደ አዲሱ ሥርዓት ማሻገር ነው።

ማሻገር እንዴት እንደሚቻል ለመረዳት ወደ ሩዝ መፈልፈያ ቤቶቻችን ብቅ በሉ። ከፎገራ ሜዳ የሚመጣው ሩዝ በናፍጣ ሞተር ቢፈለፈል ወይም በመብራት፥ ሩዙ ያው ሩዝ ነው። የዱም ሠሪዎችም ሞተሩንና እህሉን ለይተው ነበር ያስቀመጡት። ሥዕሉ፥ ድምፁና የመተላለፊያው ካርታ «ዋድ» በሚባል ፋይል ለብቻው ይቀመጣል፤ ያን እያነበበ የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ደግሞ ለብቻው ነው። ስለዚህ የሚታደሰው ሞተሩ ብቻ ነው።

ነገር ግን ባለቤቱ ካልፈቀደ የሰው ሞተር አይፈታም። ታኅሣሥ 14 ቀን 1990 ዓ.ም. የፕሮግራሙ ዋና ጸሐፊ ጆን ካርማክ ጨዋታው የተጻፈበትን ዋናውን ጽሑፍ፥ ሶርስ ኮድ የሚሉትን፥ ለሕዝብ ለቀቀው። የዶሱ የድምፅ ክፍል የሌላ ሰው ንብረት ስለ ነበረ የወጣው ለሊኑክስ የተዘጋጀው ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ደግሞ ማንም እንዲያሻሽለውና እንዲያሠራጨው፥ የሚያሠራጨው ሰው ግን የራሱንም ጽሑፍ ክፍት እንዲያደርግ በሚያዝዝ ፈቃድ ሥር አዋሉት። እህሉን ግን አልሰጡም፤ ከመጀመሪያው በነጻ ከታደለው አንድ ክፍል በቀር ሙሉው «ዋድ» እስከ ዛሬ በገንዘብ ይሸጣል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች አሻገሩት። ከእነርሱ መካከል እኔ የማደንቀው «ቾኮሌት ዱም» የተባለውን ነው። ከአዲሶቹ ሥርዓቶች ጋራ የሚነጋገረው «ኤስ.ዲ.ኤል.» በሚባል አስተርጓሚ በኩል ነው፤ ጠባዩ ግን ከነስሕተቱ የጥንቱ እንዲሆን ተደርጎ ተሠርቷል። ስሕተቱን ማቆየት ለምን ያስፈልጋል ትሉ ይሆናል። ዱም የአንድን ተጫዋች ጉዞ ሲመዘግብ ሥዕሉን አይቀርጽም፤ ተጫዋቹ በየሰከንዱ 35 ጊዜ ያዘዘውን ብቻ ይጽፋል። መዝገቡ ሲከፈት ፕሮግራሙ ሁሉን እንደ ገና ያሰላዋል። አሻጋሪው በአንዲት ቁጥር ቢሳሳት የዚያ ዘመን ጀግና በሩን ስቶ ከግድግዳ ጋራ ሲላተም ይታያል። የቀድሞ ሰዎች መዝገብ እንዳይጠፋ ሲባል ስሕተቱም ይጠበቃል።

ይህ የጨዋታ ወሬ ለእኛ ምን ይረባናል? በአንድ መሥሪያ ቤት በጀማሪ ጸሐፊነት የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። አንድ ሽማግሌ ለጡረታቸው የአገልግሎት ማስረጃ ፈልገው ከገጠር ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ፋይሉ ተገኘ፤ ሲከፈት ግን የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ክምር ሆነ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩና፥ «ልጄ፥ እኔ ያገለገልሁት በአማርኛ ነው፤ ይህ የማን ቋንቋ ነው?» አሉት።

ምክንያቱ ይህ ነው። የእኛ ፊደል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፥ ፎንት ሠሪው ሁሉ ለፊደላችን በመሰለው ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ ይህም ልማድ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቷል። የአንዱን ጽሑፍ በሌላው ፎንት ማንበብ አይቻልም። ጓደኛዬ ሁለት ማታ ደክሞ የጥንቱን ፎንት ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር አገኘና ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ አሻገረው፤ ሽማግሌውም ማስረጃቸውን ይዘው ሄዱ። ያ ኮምፒውተር ቀደም ብሎ ተጥሎ ቢሆን ኖሮስ?

ስለዚህ፥ እናንተ በመሥሪያ ቤት ያላችሁ፥ የድሮ ፋይል በእጃችሁ ካለ በየትኛው ፕሮግራምና ፎንት እንደ ተጻፈ በማኅደሩ ላይ አስፍሩ፤ አሮጌው ኮምፒውተር ሳይሞትም ወደ ዩኒኮድ አሻግሩት። ተማሪዎችም ጨዋታውን ከመጫወት አልፋችሁ ሞተሩን ክፈቱ፤ የዱም ጽሑፍ በአብዛኛው በ«ሲ» ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ለመማሪያ አያንስም።

ተማሪዬ በቾኮሌት ዱም ጨዋታውን ከከፈተ በኋላ ወንድሙን ጠርቶ አሳየው። በማግሥቱ ግን መጥቶ የጠየቀኝ ሌላ ነው፤ «ቲቸር፥ የተጻፈበትን እንዴት ላየው?» አለኝ። ቅዳሜ አብረን ልንከፍተው ተቀጣጥረናል። እናንተም ፋይላችሁን ለማየት ቅዳሜን አትጠብቁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።