የአዋጁን በጆሮ

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ ወደሚኖርበት ሰፈር በሄድን ጊዜ በአንድ የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተሠመረ ምልክት አየን። ከምልክቱ አጠገብ ቁጥር ተጽፏል፤ ሌላ ምንም የለም። የቤቱ ባለቤት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። «እትዬ፥ ይህ ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «እኔንስ ማን ነገረኝና ልጆቼ! ጧት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ተቀብቶ አገኘሁት» አሉን። ከዚያም የሰሙትን ወሬ ሁሉ ዘረገፉልን። የጎረቤት ልጅ መንገድ ሊያልፍበት ነው ብሏል፤ ባለ ሱቁ የለም፥ የውሃ ቧንቧ ሊቀበርበት ነው ብሏል፤ የእድሩ ጸሐፊ ደግሞ ቤቶቹን ለመቁጠር ብቻ ነው ብለዋቸዋል። እሳቸውም ሦስቱንም አምነው፥ ሦስቱንም ሳያምኑ፥ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥተው ከርመዋል። የማድቤቱን ጣራ ሊያድሱበት የገዙት ቆርቆሮ በደጅ ተጋድሞ ነበር። «ላድሰው ወይስ ልሽጠው?» ሲሉን መልስ አልነበረንም።

ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት አብረናቸው ሄድን። የመጀመሪያው ሠራተኛ ወደ ሁለተኛው ላከን፤ ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ፤ ሦስተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ሲደርስ ይነገራችኋል» አለን። ይህን ሲል ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ያጽናናን መስሎት ነበር። በኋላ እንደ ተረዳነውም፥ እሱ ራሱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

በአማርኛችን «የአዋጁን በጆሮ» የሚባል አነጋገር አለ። አገር የሰማውን ነገር እንደ ምሥጢር አድርጎ በሹክሹክታ የሚያወራ ሰው የሚተችበት ነው። በከተማችን ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ በአዋጅ ሊነገር የሚገባው በጆሮ ብቻ የሚገኝ ሆኗል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት ፒያሳና አራት ኪሎ መልካቸው ሲለወጥ ሁላችንም አይተናል። ሰፊው የእግረኛ መንገድ መልካም ነው፤ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስንመለስ መብራቱ ይጠቅመናል፤ ይህን አንክድም። የዛሬው ክርክራችን መንገዱ ይሠራ ወይስ አይሠራ በሚለው ላይ አይደለም። ከተማዪቱ ለነዋሪዋ የምትናገረው መቼ ነው? በምን ቋንቋ ነው? ነዋሪው መልሶ ሲናገርስ የሚሰማው ማን ነው? የምንለው ይህን ነው።

በቀድሞ ዘመን አዋጅ ነጋሪ በገበያ ቀን ነጋሪት አስጎስሞ ይናገር ነበር። ገበሬውም፥ ነጋዴውም፥ ማንበብ የማይችለውም ሁሉ እኩል ይሰማ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት ሕግ በጽሑፍ መታተም ሲጀምር «ነጋሪት ጋዜጣ» ተብሎ ስሙን ከዚያ ከበሮ ወረሰ፤ ድምፁን ግን አልወረሰም። የጥንቱን ዘመን ለማመስገን አይደለም፤ አዋጅ ነጋሪው ተናግሮ ይሄዳል እንጂ ቆሞ ጥያቄ አይቀበልም ነበር። ዳሩ ግን ቢያንስ ሰው ወዳለበት ቦታ ይሄድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀበሌ መጣ። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። አሳቡ በወረቀት ላይ ሲነበብ ያማረ ነበር፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ ስለ ሰፈሩ ይመክራል፥ የራሱን ሹማምንት ይመርጣል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ግን በቀይ ሽብር ጊዜ፥ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፥ ያው ቀበሌ ቤት የሚበረብርና ሰው የሚያስር ሆነ። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ጆሮ ሆነ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ዛሬ በስብሰባ ላይ ለምን ዝም እንደሚሉ ስንጠይቅ ይህን መርሳት አይገባንም። መምህሮቻችን አንዳንድ ጊዜ «ሕዝባችን የመናገር ባህል የለውም» ይሉናል። እድር ላይ ስለ ድንኳንና ስለ ወጥ ድስት ሲከራከር የዋለ ሕዝብ የመናገር ባህል የለውም ማለት አይቻልም! የማይናገረው የት መናገር እንደማያዋጣ ስለሚያውቅ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ችግር እንመልከት፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። አዲስ አበባ ለነዋሪዎቿ ደብዳቤ መላክ አትችልም። በሌላ አገር ማዘጋጃ ቤቱ አንድ መንገድ ሊቆፍር ሲያስብ በመንገዱ ላይ ላሉት ቤቶች ሁሉ በፖስታ ወረቀት ይልካል። በእኛ አገር ፖስታ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ነው፤ ሣጥን የተከራየ ሰው ደግሞ ስንት ነው? የቤት ቁጥር ቢኖርም አድራሻችን «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፥ ከጋራዡ አለፍ ብሎ፥ ሰማያዊው በር» ነው። ስለዚህ ሹሙ ቅን ቢሆን እንኳ እትዬ ደጅ የሚያደርስ ወረቀት የለውም። ቀዩ ቀለም የመጣው ከዚህ ባዶ ቦታ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ቀለም አድራሻ አይፈልግም።

በቦታው የገባው ቴሌግራምና ፌስቡክ ነው። ከከተማው መሥሪያ ቤቶች አብዛኞቹ ገጽ አላቸው፤ አንዳንዱም በእርግጥ ይጠቅማል። የውሃ ፈረቃ የሚደርሳቸው ወረዳዎች በቀን በቀን ሲወጡ አይተን ጀሪካናችንን አዘጋጅተን እናውቃለን። የቀረው ግን ምንድን ነው? ሪባን ሲቆረጥ፥ ክቡር እንግዳው ሲጎበኝ፥ ሠራተኞች ሲጨበጨብላቸው የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነው። ይህ ወሬ ለሹሙ አለቃ እንጂ ለነዋሪው የተላከ አይመስለንም። ከሥሩ ሰው «የእኛ ሰፈር መብራት ከጠፋ ሳምንት ሆነው» ብሎ ቢጽፍ መልስ የሚሰጠው ሌላ ችግረኛ ነው። እትዬ ደግሞ ያላቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ልጃቸው ከዓረብ አገር ሲደውልላቸው ለማንሳት ብቻ ይጠቀሙበታል።

ስለ ማስታወቂያ ቋንቋ ጥቂት እናክል፤ በዚህ ነገር ሆዳችን ስለ ተቃጠለ አንባቢ ይታገሠን። በየወረዳው በር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ የሚጻፈው በዚህ ዓይነት ነው፦ «በወረዳችን በሚከናወነው የመሠረተ ልማት ሥራ የሚመለከታችሁ ባለድርሻ አካላት አስፈላጊውን መረጃ አሟልታችሁ በተቀመጠው የጊዜ ገደብ ውስጥ እንድትቀርቡ እያሳሰብን፥ ይህ ሳይሆን ቢቀር ኀላፊነቱን የማንወስድ መሆኑን እንገልጻለን።» የሚመለከተው ማን ነው? አስፈላጊው መረጃ የትኛው ነው? ገደቡ የተቀመጠው የት ነው? ከዚህ ሁሉ ግልጽ ሆኖ የሚገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኀላፊነቱን አይወስዱም። ያንኑ ነገር እንዲህ ብሎ መጻፍ ምን ይከለክላል? «ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ ያሉት ቤቶች ኅዳር 15 ቀን ከጧቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ይለካሉ። ባለ ካርታ ካርታውን፥ የቀበሌ ቤት ተከራይ የኪራይ ደብተሩን ይዞ ይጠብቅ። ጥያቄ ያለው ቢሮ ቁጥር 7 ይምጣ።» ወረቀቱም ያንሳል። ጸሐፊው ይህን መጻፍ አቅቶት አይደለም፤ ቀንና ቦታ የጻፈ ሰው በቀኑና በቦታው ይያዛልና ነው። ደግሞም የከተማዪቱ ነዋሪ ሁሉ በአማርኛ አፉን የፈታ አይደለም፤ ኦሮምኛ፥ ጉራጊኛ፥ ትግርኛ በየግቢው ይነገራል። እንዲህ ያለው አማርኛ ለአማርኛ ተናጋሪውም የራቀ ከሆነ ለእነርሱ ምን ሊሆን ነው?

የአስተያየት ሣጥንን ነገር እንለፈው። ባየናቸው ቢሮዎች ቁልፉ ከማን ዘንድ እንዳለ ጠይቀን የሚያውቅ አላገኘንም።

አስተዳደሩ አንድም ጊዜ በግልጽ አልተናገረም ብንል ግን ሐሰተኞች እንሆናለን። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የ14ኛው ዙር የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ከ25 ሺህ በላይ ለሆኑ ቤቶች ወጣ። ለዓመታት ከደመወዙ የቆጠበ ሁሉ ስሙን ፍለጋ ተጋፋ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን አስተዳደሩ ራሱ ወጥቶ ዕጣው የወጣበት መረጃ ተነካክቷል፥ ስለዚህ ተሰርዟል አለ፤ እንደገናም በኅዳር 2015 ዓ.ም. አወጣው። ደርሶት የነበረ ሰው ኀዘኑ ከባድ ነበር፤ ስሕተቱም ትልቅ ነበር። ዳሩ ግን ሰዉ የሆነውን ዐወቀ፤ የሚናደድበትንም ነገር ለይቶ ዐወቀ። መጥፎ ዜና በጊዜው ሲነገር ሰው ይችለዋል። የማይቻለው የእትዬ ሦስት ሳምንት ነው።

አንዳንድ ሹማምንት፥ ከእኛም ክፍል ጓደኞች ጥቂቶቹ፥ «ሕዝብ አስቀድሞ ከተነገረው ሥራ ይጓተታል፤ ደላላ መሬቱን ይሻማል፤ ካሣ ለማግኘት ሰው በሌሊት ክፍል ይቀጥላል» ይላሉ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ይደረጋል። ነገር ግን ደላላው ያለ ማስታወቂያም ያውቃል፤ ከቢሮ ውስጥ የሚነግረው አለውና። ዝምታው የሚጎዳው ደላላ የማያውቀውን ነው። ደግሞም የዝምታን ዋጋ አገራችን አንድ ጊዜ ከፍላለች። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ የተቀናጀ ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ በተነሣበት ጊዜ እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ሞቱ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ ተሰረዘ። የተነሣው ጥያቄ ከመነገርና ካለመነገር እጅግ የሰፋ መሆኑን እናውቃለን፤ የመሬትና የማንነት ጥያቄ ነበር። «አልተመከርንም» የሚለው ግን ከቅሬታዎቹ ዋናው አንዱ ነበር። በጊዜ መክሮ የሚዘገይ ሥራ ከዚያ አይከፋም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በአንዳንድ ሰፈር እስከ ዛሬ የእድር ጥሩምባ ነፊ አለ። ሌሊት በአሥር ሰዓት ተነሥቶ ማን እንደ ሞተ፥ ቀብሩ የት እንደ ሆነ፥ በስንት ሰዓት እንደ ሆነ ይናገራል፤ ሦስቱንም ያልሰማ ቤት የለም። እድሩ የአባሎቹ ስም ዝርዝር አለው፤ ማን አልጋ ላይ እንደ ዋለ፥ ማን ማንበብ እንደማይችል ያውቃል። ወረዳው ስለ መንገድና ስለ ውሃ የሚለውን በሁለት መሥመር ጽፎ ለእድሮች ቢሰጥ በአንድ ቀን ሰፈሩን ያዳርሰዋል። አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ፤ እድር የመንግሥት ጆሮ እንዲሆን አንፈልግም። ወሬ ከላይ ወደ ታች ያድርስ እንጂ የሰው ስም ከታች ወደ ላይ አያቀብል፤ የቀበሌን ታሪክ ያነሣነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቁጥር ነው። የኒው ዮርክ ከተማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 «311» የሚባል የስልክ ቁጥር አቋቋመች፤ መብራት የጠፋበትም፥ ቆሻሻ ያልተነሣለትም በዚያ ይደውላል። ትልቁ ነገር ስልኩ አይደለም፤ ስልክ እኛም አለን። ትልቁ ነገር አቤቱታው ቁጥር ይሰጠውና ሰውዬው በዚያ ቁጥር «የት ደረሰ?» ብሎ መልሶ መጠየቅ መቻሉ ነው። ይህን በወረዳ ለማድረግ አንድ መዝገብ፥ አንድ ብዕርና የተቆራረጠ ወረቀት ይበቃል። በየወሩ መጨረሻ ስንት ጥያቄ እንደ ገባ፥ ስንቱ እንደ ተፈጸመ፥ ስንቱ ለምን እንደ ቀረ በር ላይ ቢለጠፍ፥ ባለ ሥልጣኑም ከሪፖርት ይልቅ ያንን ቢያነብ ይበጀው ነበር። ስብሰባም ከሆነ፥ ሁለት ሰዓት አንብቦ «ጊዜ ስለ ጠበበ ጥያቄ በሦስት ሰው ይበቃል» ማለት ቀርቶ፥ ባለፈው ስብሰባ የተጠየቀው ምን መልስ እንዳገኘ በመንገር ይጀመር።

ራሳችንንም እንውቀስ። የማኅበራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ዛሬ ጧት ያነበብነው የአምናው ምርጫ ማስታወቂያ ነው፤ ዝናብ የበላው። የምግብ ቤቱ ኮሚቴ ከተመረጠ ጀምሮ አንድ ቃለ ጉባኤ አላወጣም። ሹሞችን የምንወቅስበት ነገር በእኛው ግቢ ሞልቷል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ጀምረናል። በ2000 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 590 መሠረት ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ይገባዋል፤ እምቢ ካለ ምክንያቱን ይገልጻል፥ ጠያቂውም እስከ እንባ ጠባቂ ድረስ አቤት ይላል። የሕግ ተማሪዎቻችን ይህን ለፈተና ያጠኑታል፤ ሲሠሩበት ግን አላየንም። ስለዚህ በእትዬ ስምና በፈቃዳቸው አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፈን ለዚያ ጽሕፈት ቤት አስገባን። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቀናል፤ ምልክቱ የምን ነው፥ ሥራው የሚጀመረው መቼ ነው፥ የሚነሣ ሰው ካለ ወዴትና በምን ውል ነው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ ማኅተም መትታ ቁጥር ሰጠችን፤ «እንዲህ ያለ መጥቶ አያውቅም» ብላ ፈገግ አለች።

ሠላሳው ቀን የሚሞላው የሚቀጥለው ዕትማችን ከመውጣቱ በፊት ነው። መልሱ ከመጣ መልሱን እናትማለን፤ ካልመጣም የመልሱን ቦታ ባዶ አድርገን እንተዋለን። ትናንት በዚያ ስናልፍ ቆርቆሮው ገና በደጅ ነበር፤ እትዬ እንዳይዝግባቸው ላስቲክ አልብሰውታል።