የመኪናዋን ቀለም የበላው ብርዱ አይደለም፤ እኔ የላክሁት ሸራ ነው

ዛሬ ፖለቲካ የለም። የምጽፈው ስለ መኪና ቀለም ነው። «ይሄ የሀብታም ጭንቀት ነው» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ባለፈው ዓመት በእኛ ቤት አንድ ቀዶ ሕክምና ሊስተጓጎል የነበረው በመኪና ቀለም ምክንያት ነው። ጥፋቱ ደግሞ የእኔ ነው።

አጎቴ ሮቤ ነው የሚኖረው። ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ አለችው፤ አለችው ልበል እንጂ አሁን የለችም። በሮቤና በጎባ መካከል ስትመላለስ ኖራለች። በዓመት አንድ ሁለቴ ደግሞ ሳነቴን ተሻግራ፣ በሃረና ጫካ ቁልቁል ወርዳ ደሎ መና ትደርስና ቡናና ማር ጭና ትመለሳለች። ያንን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጫካው ውስጥ ጉምና ጭቃ፣ አምባው ላይ ጠጠርና ነፋስ፣ ሮቤ ሲገቡ አቧራ። ኮፈኗ በጠጠር ተነቃቅሶ ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ተቀብቷል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

አክስቴ ዳሌዋን ታመመችና ለክትትል ሁለቱም አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ሊመጡ ሆነ። አጎቴ ደወለ። «መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሜዳ ላይ ልትቀር ነው። የታኅሣሥን ውርጭ ታውቀዋለህ፤ ቀለሟን ይበላዋል። ምን ይሻላል?» አለኝ። የተማርኩት እኔ ነኛ! ዩቲዩብ ከፈትኩ። መኪናን ለክረምት ውጭ ስለማቆም የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች አየሁ። «ሸፍኑ» የሚል ነገር ሰማሁና በቃኝ። መርካቶ ሄጄ ወፍራም የላስቲክ ሸራ ገዛሁ፤ በአውቶብስ ላክሁለት። አጎቴም በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ባባራ ማግስት፣ መኪናዋን ከነጭቃዋ እስከ ጎማዋ ጠቅልሎ በሲባጎ ጥፍር አድርጎ አሰራት። አምስት ወር።

በየካቲት መጨረሻ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው መደረግ አለበት አለ። መኪናዋ እንድትሸጥ ተወሰነ። ደላላው ገዢ አግኝቷል፤ ዋጋ በስልክ ተስማምተዋል። አጎቴ ሮቤ ተመልሶ ሸራውን ሲገልጠው ኮፈኑ ፈንጣጣ የወጣበት መስሏል። ጣሪያው ላይ ሸራው ሲርገበገብ የሞረደው ቦታ ደብዝዟል። የሲባጎው መንገድ በሮቹ ላይ እስከ ነጭ ድረስ ተስሏል። ገዢው መጥቶ ኮፈኑን በጣቱ አንኳኳ፣ እብጠቱን በጥፍሩ ጫር አደረገ፣ ከሥሩ ስቱኮ ወጣ። «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ተገልብጣለች» አለው። አጎቴ በሕይወቱ ዋሽቶ ዕቃ ሸጦ የማያውቅ ሰው ነው። ከተስማሙበት ዋጋ ከአምስት እጅ አንዱ ተቆርጦ ተሸጠች። ከገንዘቡ ይልቅ «ተገልብጣለች» መባሉ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን በቅጡ ያጠናሁት። ቀለም ቀቢዎችን ጠየቅሁ፣ አነበብኩ። ዛሬ ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በደጋ አገር በላስቲክ ሸራ መኪና ጠቅልላችሁ ወራት አትተዉ። ምንም ሳይሸፈን የቆመ መኪና ይሻላል።

የእኔ ስህተት የተጀመረው «ክረምት» ከምትለዋ ቃል ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ክረምት በረዶ ነው፤ በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተን ጨው ነው። እነዚያ ሰዎች ዋናው ፍርሃታቸው ጨው ነው፤ ብረት ይበላል። እኛ ዘንድ መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም። (የባሌ ከብት ጨው ፍለጋ ሆራ ድረስ ነው የሚነዳው!) የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። ብርዱ የሚመጣው ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ በበጋ ነው። እሱም ቢሆን ብርዱ ብቻውን ጤነኛ ቀለምን ብዙ አይጎዳም።

የሚጎዳው ልዩነቱ ነው። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ጥቁር ኮፈን ላይ እጅ ማሳረፍ አይቻልም። ብረቱ፣ ስቱኮውና ቀለሙ በሙቀት እኩል አይለጠጡም፣ በብርድም እኩል አይኮማተሩም። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ደካማው ቦታ ይለቃል። ደካማው ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ ተጠግኖ የተቀባው ነው።

አሁን በዚህ ላይ ላስቲክ ጨምሩበት። ሸራው እርጥብ መሬት ላይ ያለን መኪና ሲሸፍን ከመሬት የሚነሣው እንፋሎት መውጫ የለውም። ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ቀዝቅዞ ጠል ሆኖ ቀለሙ ላይ ይወርዳል፣ በማግሥቱ እንደገና ይሞቃል። የመኪና ቀለም እንደ ብርጭቆ ድፍን አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ከሞቀ እርጥበት ጋር ከተቀመጠ ጥቂት ጥቂት ያስገባል። ስቱኮ ካገኘ ደግሞ እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል። የአጎቴን ኮፈን ያሳበጠው ይህ ነው። ገዢው ስቱኮ አለ ማለቱ ልክ ነበር፤ መገልበጡን ግን ከየት አመጣው?

ፀሐዩስ? አዎ፣ እውነተኛው ጠላት እሱ ነው፤ በዚህ ከሸራ ወዳጆች ጋር አልጣላም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቀለም የሚያገረጣው አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ግድም ይጨምራል። ሮቤ ላይ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይበልጣል ማለት ነው፤ ለምድር ወገብ መቅረባችን ሳይቆጠር። የዛሬ መኪኖች ቀለም ላይ ጨረሩን የሚከላከል ብርሃን አስተላላፊ ቫርኒሽ አለ፤ ውፍረቱ ግን ከአንድ ፀጉር አይበልጥም። ያ ሳስቶ ካለቀ መኪናው ነጭ ነጭ እያለ ይላጣል፤ ከዚያ በኋላ ፖሊሽ አይመልሰውም። ብዙዎቹ የድሮ መኪኖቻችን ያ ቫርኒሽ እንኳ የላቸውም፤ ቀለማቸው ራሱ ነው የሚደበዝዘው፣ በእጅ ሲነኩት እንደ ጠመኔ የሚወጣው።

ስለዚህ ጥላ ያስፈልጋል። ጥላና ጥቅል ግን ይለያያሉ። ሮቤና ጎባ ውስጥ ብዙ ሰው ግቢው ሰፊ ነው። አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ ተክሎ ከላይ ጥቂት ቆርቆሮ መምታት፣ ጎኑን ለነፋስ ክፍት መተው። አለቀ። ሌሊት ጠሉና ውርጩ ቆርቆሮው ላይ ያርፋል፤ ቀን መኪናዋ ትተነፍሳለች። የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይህን ዕድል የለውምና እሱ አየር የሚያስወጣ የጨርቅ የመኪና ልብስ ቢጠቀም አልቃወምም፤ መኪናው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ፣ በሳምንት አንዴ እየተገለጠ። ዛፍ ሥር ማቆም ግን መፍትሔ እንዳይመስላችሁ። ሙጫ ይወርዳል፣ ወፍ ያርፋል። የወፍ ኩስ በፀሐይ በሞቀ ቀለም ላይ ከዋለ ቅርጹን ትቶ ነው የሚሄደው። በውኃ አርሶ ወዲያው ማንሣት ነው እንጂ ደርቆ ከቆየ በኋላ መፋቅ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ አቧራው። ባሌ የስንዴ አገር ነው፤ በዓመት ሁለቴ፣ በጋናም በቦናም ይታጨዳል። ኮምባይነር በሠራ ሰሞን ከተማው ሁሉ እብቅና ብናኝ ይለብሳል። የስንዴ ገለባ ውስጥ አሸዋን አሸዋ ያደረገው ሲሊካ አለ። ይህን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ማለት ነው። የምናደርገው ግን ይህንኑ ነው። ቆመን ቡና ስንጠጣ መኪናውን የሚጠብቅልን ልጅ እየሮጠ መጥቶ በዚያው ባደረ ጨርቁ ጣሪያውን ያሽልናል፤ እኛም ደስ ብሎን ብር እንሰጠዋለን። ልጁ አይወቀስም፤ እንጀራው ነው። እኔ አሁን «ወንድሜ፣ ሳትነካት ጠብቅልኝ» ብዬ ያንኑ ብር እሰጣለሁ። መጀመሪያ ግራ ይገባቸዋል።

ስለ ማጠቢያውም አንድ ቃል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ቅባትን ሊያነሣ የተሠራ ነው፤ ቀለሙ ላይ ያለውን ሰም አብሮ ያነሣል። «እንዲያበራ» ተብሎ የሚቀባው ናፍጣ ደግሞ ለአንድ ቀን ያበራና አቧራ ይሰበስባል። ብዙ ውኃ አስቀድሞ ማፍሰስ፣ የመኪና ሻምፖ፣ ንጹሕ ስፖንጅ፣ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ሰም። ጠጠር የነቀሰውን ነጥብ ሳይዝግ በትንሽ ብሩሽ መድፈን። የአጎቴ ኮፈን ያኔ ነጥብ ነጥቡ ቢደፈን ኖሮ ሙሉውን መቀባት፣ ስቱኮም ባላስፈለገው ነበር።

«በረዶ ቢጥልስ? ሌባስ?» የሚሉኝ አሉ። ድንጋይ የሚያክል በረዶ ከወረደ ስስ ላስቲክ ላሜራውን አያድነውም፤ ቆርቆሮው ያድነዋል። ሌባን በተመለከተ፣ አምስት ወር የተሸፈነ መኪና ባለቤቱ እንደሌለ በድምፅ ማጉያ ከመናገር በምን ይለያል?

አንዳንዱ አሁንም «ለቀለም ይህን ያህል?» ይል ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባት እጅግ ተወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ደጃችን ላይ የቆመችው አሮጌ መኪና የብዙ ቤተሰብ ባንክ ናት። ሰው የሚሸጣት ሲያጌጥ አይደለም፤ ሲታመም፣ ልጅ ሲድር፣ ቤት ሲጀምር ነው። ገዢ ደግሞ ሞተሩን ከመስማቱ በፊት ቀለሙን ነው የሚያነበው። «የፋብሪካ ቀለሟ ነው» የሚለው ቃል ዋጋ አለው፤ እንደ እኛ ቤት የሐኪም ቤት ሒሳብ የሚያህል።

የአክስቴ ቀዶ ሕክምና ተደርጓል። ጎደሎውን በዘመድ መዋጮ ሞላነው፤ ትልቁን ድርሻ ማን እንዳዋጣ ትገምታላችሁ። አሁን በከዘራ ገበያ ድረስ ትሄዳለች። ሸራውን አጎቴ አልጣለውም። ባለፈው ስሄድ ግቢው መሐል ዘርግቶ ስንዴ አስጥቶበታል። «አየህ፣ ለዚህ ነበር የላክኸው» አለኝ።