የፖስት ካርዱ ጀርባ፦ የምጽዋና የአሰብ ምስሎች ለወሎ ታሪክ ጥናት

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ የተፈረመው የውጫሌ ውል ሲነሣ አብዛኛው አንባቢ የሚያስታውሰው ዐሥራ ሰባተኛውን አንቀጽ ነው። የስድስተኛው አንቀጽ ስም ግን እምብዛም አይነሣም። ይህ አንቀጽ የጦር መሣሪያ በምጽዋ በኩል እንዲያልፍ የሚፈቅደው ለምኒልክ ብቻ መሆኑን የሚደነግግ ነበር። ከአምባሰል ተራሮች ሥር የተፈረመው ሰነድ የቀይ ባሕርን ወደብ ጉዳይ በውስጡ ይዞ ነበር ማለት ነው። የኋላ ኋላም፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአሰብ በቡሬ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ የሚወጣው የመኪና መንገድ ሲሠራ፣ ሐይቅና ውጫሌ ከባሕሩ ጋር ያላቸው ግንኙነት የውል ቃል መሆኑ ቀርቶ የሸቀጥ፣ የሥራና የዘመድ ግንኙነት ሆነ።

ይህን ግንኙነት ለማጥናት የሚረዳ፣ በእኛ ዘንድ ግን እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የሚታይ የመረጃ ዓይነት አለ፤ ፖስት ካርድ። የዛሬ ተማሪ የምጽዋንና የአሰብን ካርዶች የሚያውቃቸው፣ ቢያውቃቸው፣ የጎረቤት አገር የባሕር ዳር ከተሞች ማስታወሻ አድርጎ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም እነዚህ ካርዶች የወሎ ታሪክ ምንጮችም ናቸው፤ ምንጭ የሚሆኑት ግን ከፊታቸው ይልቅ በጀርባቸው ነው የሚል ነው።

የ1869 እ.ኤ.አ. ግጥምጥሞሽ እዚህ ላይ ሳይጠቀስ ቢቀር ያስቆጫል። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር ኦስትሪያ የመጀመሪያውን የፖስታ ካርድ አወጣች፤ በኅዳር የስዌዝ ቦይ ተከፈተ፤ በዚያው ኅዳር የሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ወኪል አሰብ ላይ መሬት ገዛ። ጣሊያን ምጽዋን በ1885 እ.ኤ.አ. ያዘች፤ የኤርትራን ቅኝ ግዛት በ1890 እ.ኤ.አ. ዐወጀች። ሥዕል ያለበት ካርድ በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ነውና፣ የምጽዋ ቅስት በረንዳዎች፣ ወደቡና ግመሎቹ በገፍ ታትመው ወደ አውሮፓ ተላኩ። ኢትዮጵያም የፖስታ አገልግሎቷን በ1894 እ.ኤ.አ. በዐዋጅ አቋቁማ በ1908 እ.ኤ.አ. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች።

የካርዱ ፊት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ለምሳሌ በምጽዋ የሚገኘው፣ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የክረምት ማረፊያ የሆነው ቤተ መንግሥት፣ ከተማዋ በ1982 ዓ.ም. በጦርነት ስትመታ ክፉኛ ፈርሷል። ጉልላቱ ሙሉ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር ከሚያሳዩን ነገሮች መካከል ካርዶች ይገኙበታል። ይሁንና ፊቱ በቀላሉ ያሳስታል። ፎቶግራፉ የተነሣበት፣ ካርዱ የታተመበትና በፖስታ የተላከበት ጊዜ ሦስት የተለያዩ ቀኖች ናቸው። ምጽዋን የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ የጎዳው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተነሣ ምስል ከዚያ በኋላ ታትሞ ሊሸጥ፣ ከዓመታት በኋላም ሊላክ ይችላል። ምስሉን ብቻ አይቶ «ከተማዋ በዚህ ዓመት ይህን ትመስል ነበር» ብሎ የሚጽፍ ተመራማሪ የአሳታሚውን ያደረ ዕቃ እንደ ትኩስ ማስረጃ ያቀርባል። በቀለም የተዋቡት ካርዶችማ ብዙ ጊዜ ቀለማቸው የተቀባው ከተማይቱን በዐይኑ ባላየ ሠራተኛ እጅ ነው።

ጀርባው ግን ማኅተም፣ ቴምብር፣ አድራሻ፣ የእጅ ጽሑፍ ይዟል። የወታደር ፖስታ ከሆነ የሳንሱር ምልክትም ይኖረዋል። ማን ከየት ለማን እንደጻፈ፣ ካርዱ ስንት ቀን እንደፈጀ፣ በየትኛው መንገድ እንዳለፈ ከዚያ ይነበባል።

ይህ የንባብ ዘዴ ለሐይቅ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለታሪክ ተመራማሪዎች ያበረከተው ትልቁ ሀብት በወንጌሉ ዐምዶች ውስጥ ያለው ቃል ብቻ አይደለም፤ በባዶ ቅጠሎችና በኅዳጎች ላይ የሰፈሩት የንብረት ዝርዝሮችና ማስታወሻዎችም ናቸው። የታሪክ ምሁራን የመካከለኛውን ዘመን የርስት፣ የሹመትና የገዳማት ታሪክ የገነቡት በአብዛኛው በእንዲህ ያሉ ማስታወሻዎች ላይ ተመሥርተው ነው። ታደሰ ታምራት በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ያሳተሙትን ጥናት ያነበበ ይህን ያውቃል። ለብራናው ኅዳግ የሰጠነውን ክብር ለካርዱ ጀርባ የምንነሣበት ምክንያት አይታየኝም።

የሰብሳቢዎች ልማድ ግን ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል። የቴምብር ወዳጅ ካርዱን ውኃ ውስጥ ነክሮ ቴምብሩን ይነቅላል፤ የሥዕል ወዳጅ በሙጫ አልበም ላይ ይለጥፈዋል። ከሁለቱ የባሰው ዘመናዊው ነው፤ ፊቱን ብቻ በስካነር አንሥቶ «ዲጂታል ስብስብ» ይለዋል።

ብርቱው ተቃውሞ ሌላ ነው። በወራሪ የታተመ ካርድ መሰብሰብ የወራሪን ዐይን ማክበር አይሆንም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። በተለይ የአገሬው ሴቶች ለገዢ ዐይን ሲባል ተራቁተው የታዩባቸው ካርዶች በቤተ መዘክር ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ የሚል ሰው ቢኖር እኔ ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነኝ። ነገር ግን አለመስቀልና አለመያዝ ይለያያሉ። እነዚህ ካርዶች በአውሮፓ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች በየቀኑ ይሸጣሉ፤ እኛ አልሰበሰብናቸውም ማለት ትርጉማቸውን ለሻጩ ተውንለት ማለት ነው።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የቅርቡ ዘመን ነው። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በፊት አሰብ ብዙ ኢትዮጵያውያን በወደቡ የሚሠሩበት ከተማ ነበር። በጦርነቱ ኢትዮጵያ ወደቡን መጠቀም አቆመች፤ ሠራተኞቹ ተበተኑ፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ቀጥተኛ ግንኙነትም ተቋረጠ። የስልክ መስመሩ የተከፈተው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም. ነው። ከአሰብ ወደ ቤተሰብ የተላከ ካርድ ወይም ፎቶግራፍ ካለ ያለው በሣጥን ውስጥ ነው፤ ላኪው ወይም ተቀባዩ ሲሞት ስለ እሱ የሚናገር አይኖርም።

ስለዚህ በደሴ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የቅርስ ተማሪዎች ለቃለ መጠይቅ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ውጫሌ ወይም ወደ ባቲ ሲወርዱ አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ «ከአሰብ፣ ከምጽዋ ወይም ከአሥመራ የመጣ ካርድ አለዎት?» ካለ ካርዱ ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ ሁለቱም ገጽ በአንድ ቁጥር ይነሣ፤ ሦስቱ ቀኖች ለየብቻ ይመዝገቡ፤ ስለ ላኪው የሚነገረው በተናጋሪው ቃል ይጻፍ። የግል መልእክት ከሆነ ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ አይታተም። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ የእጅ ስልክና አንድ መዝገብ ነው።