ሜኑው ሌላ፣ ቢሉ ሌላ

አርብ ማታ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ጓደኛችሁን ራት ልትጋብዙ ወጣችሁ እንበል። ሜኑውን አይታችሁ፣ በልባችሁ ደምራችሁ፣ የ1,000 ብር አዘዛችሁ። ቢሉ ሲመጣ ግን 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ተጨምሮበት ቢያንስ 1,250 ብር ሆኗል። በየቤቱ ባይሆንም የተለመደ ነገር ነው። ለካ ከሜኑው ግርጌ፣ በዚያ ደብዛዛ መብራት በማይነበቡ ደቃቅ ፊደላት “ዋጋው ቫትና ሰርቪስን አይጨምርም” ይላል። ከዚያማ ጠረጴዛ ስር ቴሌብር ከፍቶ ቀሪ ሒሳብ ማየት ነው!

ቫቱ ይከፈል፣ ግብር ነው። አስተናጋጁም የላቡን ያግኝ። ግን ቤቱ ድምሩን አስቀድሞ እያወቀው ለምን አይጽፈውም? ሜኑው ላይ የመጨረሻው ዋጋ ይስፈር። እስከዚያው ከማዘዛችሁ በፊት “ቫት ተካቷል ወይ?” በሉ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቁ ነው።