ሽንት ስለ አንጎል አይመሰክርም

በአልዛይመር በተያዘ አንጎል ውስጥ፣ ከኦክሲጅን የሚፈጠሩ ኃይለኛ ሞለኪውሎች የሕዋሳቱን ስብ፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ይጎዳሉ። ኦክሲዴቲቭ ስትሬስ የሚባለው ይህ ሂደት በሟች ሕሙማን አንጎል ላይ በተደረጉ ምርመራዎች በተደጋጋሚ ታይቷል። ከዚህ እውነት ተነሥቶ የተስፋፋው ሐሳብ ግን መሠረት የለውም። ሐሳቡ የጉዳቱን ቅሪት በሽንት ለክቶ ሕመሙን መለየት፣ ልኬቱን በጸረ ኦክሲዳንት እንክብል ዝቅ አድርጎም ሕመሙን መግታት ይቻላል ይላል።

በሽንት በብዛት የሚለኩት ቅሪቶች ሁለት ናቸው። ኤፍ2-አይሶፕሮስቴን አራኪዶኒክ አሲድ የተባለው ስብ ሲጎዳ ይፈጠራል፤ 8-ሃይድሮክሲዲኦክሲጓኖሲን ደግሞ ከዲኤንኤ ጉዳት ይመጣል። ችግሩ የሚጀምረው ከምንጫቸው ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ከኦክሲጅኑ 20 በመቶ ያህሉን ይጠቀማል። ሆኖም ሽንት የሳንባን፣ የጉበትን፣ የጡንቻንና የኩላሊትን ቅሪት ሁሉ በአንድ ያጠራቅማል። ማጨስ፣ የስኳር በሽታና ከልክ ያለፈ ውፍረት አይሶፕሮስቴንን ከፍ ያደርጋሉ። ከፍ ያለ ልኬት የተገኘባቸው አረጋዊ የታመመው አንጎላቸው ይሁን ሌላ አካላቸው ከቁጥሩ አይለይም።

ስሌቱም ያሳስታል። ሽንት እንደተጠጣው ውኃ መጠን ስለሚቀጥንና ስለሚጠነክር፣ ልኬቱ ለክሪያቲኒን ይካፈላል። ክሪያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው፤ የአልዛይመር ሕሙማን ደግሞ ብዙ ጊዜ ይከሳሉ። አካፋዩ ሲያንስ፣ ቅሪቱ ባለበት ቢቆይም ውጤቱ የጨመረ ይመስላል። የመለኪያ ዘዴውም ልዩነት ያመጣል፦ ርካሹ የኤላይዛ ምርመራ 8-ሃይድሮክሲዲኦክሲጓኖሲንን ይበልጥ ትክክለኛ ከሆነው ማስ ስፔክትሮሜትሪ አብልጦ ያነባል።

የጥናቶቹ መጣረስ ከዚህ የተነሣ አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ቡድን በሕሙማን ሽንት፣ ደምና የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ አይሶፕሮስቴን መጨመሩን አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሌላ ቡድን በሽንትና በደም ልዩነት አላገኘም። ይበልጥ የጸናው አንጎልን ከሚነካው የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ የተገኘው ውጤት ነው።

የሕክምናው ተስፋም በሙከራ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ 769 መጠነኛ የማስታወስ ችግር ያለባቸው ሰዎች ለሦስት ዓመት ሲታዩ፣ ጸረ ኦክሲዳንት የሆነው ቫይታሚን ኢ ወደ አልዛይመር መሸጋገራቸውን አልገታም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ደግሞ የበለጠ ያስጠነቅቃል፦ ቫይታሚን ኢ፣ ቫይታሚን ሲና አልፋ ሊፖይክ አሲድ በአንድነት የተሰጣቸው ሕሙማን በሕብለ ሰረሰር ፈሳሻቸው ያለው አይሶፕሮስቴን ቢቀንስም፣ ከሕመሙ ጋር የተያያዙት የአሚሎይድና የታው ፕሮቲኖች ልኬት አልተለወጠም፤ የአእምሮ ምዘና ውጤታቸውም ፈጥኖ አሽቆለቆለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ቫይታሚን ኢ የዕለት ተዕለት ተግባር መዳከምን እንዳዘገየ የታየበት ሙከራ አለ፤ ሕሙማኑ የተመረጡት ግን በሽንት ልኬት አልነበረም።

ስለዚህ የሽንት ልኬት ቦታው ብዙ ሰዎችን የሚያነጻጽር ምርምር እንጂ የአንድን ሰው ሕመም መወሰኛ አይደለም። አልዛይመርን ለመለየት የማስታወስ ምዘና፣ የአንጎል ምስል፣ የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ምርመራና በደም የሚለካው የታው ፕሮቲን አሉ። በሽንት ቁጥር ብቻ ቤተሰብን ማስደንገጥም ሆነ እንክብል መሸጥ ሳይንሳዊ ድጋፍ የለውም።